ከጉንደት እስከ መተማ፤ የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የትጋት ታሪክ

የማስተማርን ሥራ የያዘ ሰው ሁሉ በየዕለቱ የሚያየው አንድ ነገር አለ። በቀድሞው ትምህርት ቤታችን ፊደል ቆጥሮ የጨረሰ ልጅ ንባብ ይጠብቀዋል፤ ንባቡ ሲሠምርለት ዳዊት ይደግማል፤ ዳዊት ደግሞ ወላጆቹ ድግስ ደግሰው ከመረቁት በኋላ ግን ወደ ዜማ ወይም ወደ ቅኔ ቤት በገባ ጊዜ ራሱን እንደ ገና ጀማሪ ሆኖ ያገኘዋል። በዘመናዊውም ትምህርት ቤት ነገሩ ያው ነው። ትምህርት ቤት ለማሠራት ብዙ ዓመት ደክሞ የተሳካለት ዲሬክተር፣ በሩ በተከፈተ ዓመት የመቀመጫው፣ የመጽሐፉና የመምህሩ እጥረት ሁሉ ባንድነት ይመጣበታል። ትምህርት ቤቱ ሳይኖር እነዚህ ችግሮች አልነበሩም፤ የወለዳቸው የሥራው መሳካት ነው። ስለዚህ ከተሳካ ሥራ በኋላ ዕረፍትን የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ ያዝናል፤ አንዳንዱም ተስፋ ቆርጦ ሥራውን ይተዋል።

ይህን ነገር በሰፊው ለመመልከት ከአገራችን ታሪክ ውስጥ የዐፄ ዮሐንስ አራተኛን ሕይወት የሚያኽል ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የሕይወታቸው ፍጻሜ የሆነበትም ስፍራ ሊታወስ የሚገባው ነው። በዛሬው የሱዳን የገዳሪፍ ግዛት፣ ባሱንዳ የሚባለው ወረዳ በሚገኝበት የድንበር አገር፣ ምድሩ ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ጭቃው እግር አያስነሣም፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ይደርቃል። ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልበት፣ እሾኻማ ግራር የሞላበት ቆላ ነው። በዚሁ ድንበር ላይ መተማና ገላባት የሚባሉት መንትያ ከተሞች በአንዲት ወንዝ ተለያይተው ፊት ለፊት ይተያያሉ። የሐበሻ ቡና፣ ሰምና ከብት ከደጋ የሚወርድበት፣ የሱዳን ጥጥና ልዩ ልዩ ሸቀጥ የሚወጣበት ትልቅ ገበያ ነበር፤ በዚያ የሰፈሩት ተክሩሪዎችም በአንዳንድ ዘመን ለሁለቱም ወገን ግብር ይከፍሉ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁት በዚህ አገር ነው።

ዐፄ ዮሐንስ የተወለዱት በ1829 ዓ.ም. በተምቤን ነው። አባታቸው ሹም ተምቤን ምርጫ፣ እናታቸው የእንደርታዋ ወይዘሮ ሥላስ ድምፁ ይባላሉ፤ የመጀመሪያ ስማቸውም ካሣ ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዓመታት በትግራይ ኃይላቸውን አጠናከሩ። የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ባለፈ ጊዜ መንገድ ስለ ሰጡትና ስንቅ ስለ አቀረቡለት፣ ጦሩ ወደ አገሩ ሲመለስ አሥራ ሁለት ያኽል መድፎችና ስምንት መቶ ያኽል ጠመንጃዎች ከነጥይታቸው ተወላቸው። መሣሪያ ማግኘት ብቻውን ግን ሠራዊት አያደርግም፤ ስለዚህ ከናፒየር ጦር ጋር መጥቶ የነበረውን ጆን ከርክሃምን ወታደሮቻቸውን በሥርዓት እንዲያሠለጥን አስቀሩት።

በዚያን ጊዜ የንጉሠ ነገሥትነቱን ስም ይዘው የነበሩት የላስታው ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ የተባሉት፣ የካሣ እኅት ባል ነበሩ። በ1863 ዓ.ም. ክረምት ከካሣ ጦር እጅግ የሚበልጥ ሠራዊት ይዘው ወደ ትግራይ ዘመቱ፤ ነገር ግን በዐድዋ አጠገብ በአሳም በተደረገው ጦርነት በቍጥር ያነሰው፣ በሥልጠና ግን የበለጠው ጦር ድል አደረጋቸው። በጥር 1864 ዓ.ም. ካሣ በአክሱም ጽዮን ዮሐንስ አራተኛ ተብለው የንጉሠ ነገሥትነትን ዘውድ ደፉ። ይህ የመጀመሪያው ታላቅ ስኬታቸው ነው። አንድ የትግራይ መስፍን ሳሉ የሚያስቡት ስለ አንድ አውራጃ ነበር፤ ዘውዱን በደፉ ማግሥት ግን ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ደቡብ ያለው የአገሪቱ ጭንቅ ሁሉ የእሳቸው ሆነ።

ፈተናው ለመምጣት አልዘገየም። ዘውድ በደፉበት በዚያው በ1864 ዓ.ም. ለግብፁ ኬዲቭ እስማኤል የሚያገለግለው ስዊሳዊው ሙንዚንገር ከረንና የቦጎስን አገር ያዘ። ዐፄ ዮሐንስ ወደ አውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤና መልእክተኛ ላኩ፤ የረባ መልስ ግን አላገኙም። ከሦስት ዓመት በኋላ የግብፅ ጦር በዴንማርካዊው በኮሎኔል አረንድሩፕ መሪነት ወደ ሐማሴን ገፍቶ ገባ፤ በኅዳር 1868 ዓ.ም. በጉንደት ላይ ተደመሰሰ፤ አዛዡም በዚያው ሞተ። ኬዲቩ የተዋረደውን ስሙን ለማደስ ከፊተኛው በብዙ የሚበልጥ ጦር በራቲብ ፓሻ አዛዥነት ላከ፤ ከአዛዡም ጋር ሎሪንግን የመሰሉ የአሜሪካ መኮንኖች ነበሩ። ይህም ጦር በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መጀመሪያ 1868 ዓ.ም. በጉራዕ ላይ ድል ሆነ። በሺሕ የሚቆጠሩ ሬሚንግተን ጠመንጃዎችና ብዙ መድፎች በኢትዮጵያውያን እጅ ገቡ።

አንድ ሰው የታሪክ መጽሐፍ ይዞ እስከዚህ ቢያነብና ቢዘጋው፣ ነገሩ በደስታ የተፈጸመ ይመስለዋል። በእርግጥ የሆነው ግን ሌላ ነው። ግብፆች በጦርነት ተሸንፈው ሳለ ምጽዋንም ቦጎስንም አልለቀቁም። ንጉሠ ነገሥቱም ድላቸውን ተከትለው ወደ ባሕር እንዳይወርዱ በስተኋላቸው ያለው አገር ገና አልጸናም ነበር፤ በሸዋ ምኒልክ ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ብለው ይጠሩ ነበር። ስለዚህ በሰሜን ያሸነፈው ጦር ፊቱን ወደ ደቡብ አዞረ። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. በልቼ በተደረገው ስምምነት ምኒልክ የዐፄ ዮሐንስን የበላይነት ተቀብለው የሸዋ ንጉሥ ተባሉ። ይህ ስምምነት ያለ ታላቅ ደም መፋሰስ የተገኘ በመሆኑ ከጉራዕ ድል የማያንስ ነው። ኋላም ጎጃምን የያዙትን ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት ብለው አነገሡ። ሁሉን በአንድ እጅ ከመጨበጥ ይልቅ፣ ንጉሦችን በንጉሠ ነገሥት ሥር የማኖርን መንገድ መረጡ። ይህም መንገድ የራሱን አዲስ ጣጣ ወለደ፤ ሁለቱ ነገሥታት በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ላይ እርስ በርሳቸው ተዋጉና ንጉሠ ነገሥቱ ዳኛ ሆነው ማስታረቅ ግድ ሆነባቸው።

በዚሁ ዘመን ስሕተትም ተሠርቷል፤ ለተማሪ ታሪክን የሚያስተምር ሰው ይህን ሊሸፍነው አይገባም። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ የአገሪቱን አንድነት በአንድ ሃይማኖት ለማጽናት ታስቦ፣ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ትእዛዝ ወጣ። ከመኳንንቱ የተጠመቁ ነበሩ፤ ኋላ ራስ ሚካኤል የተባሉት ኢማም መሐመድ ዓሊ ከነዚህ አንዱ ናቸው። ከሕዝቡ ግን ብዙው በግዴታው አዘነ፤ አንዳንዱ ሸፈተ፤ አንዳንዱም አገሩን ጥሎ ወደ ሱዳን ድንበር ወረደ። አንድነትን ያመጣል የተባለው ትእዛዝ በአገር ውስጥ ቍስል ተከለ፤ ቍስሉም ከዓመታት በኋላ በምዕራቡ ድንበር ላይ አመረቀዘ። ትጋት መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን የሚተጋ ሰው የሚተጋበትን መንገድ ደጋግሞ ካልመረመረ፣ በትጋቱ መጠን ጉዳቱም ይበዛል።

ከጉራዕ ድል በኋላ ስምንት ዓመት ሙሉ ዐፄ ዮሐንስ የምጽዋን በርና የቦጎስን አገር በደብዳቤና በመልእክተኛ ሲጠይቁ ኖሩ። በ1872 ዓ.ም. ጎርደን ፓሻ የኬዲቩ መልእክተኛ ሆኖ ደብረ ታቦር ድረስ መጣ፤ ያለ ስምምነት ተመለሰ። በእነዚህ ዓመታት ንጉሠ ነገሥቱ ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም፤ ከጥንቱ ልማድ ውጪ በአንድ ጊዜ አራት ጳጳሳትን ከእስክንድርያ አስመጡ፤ በመቀሌ ቤተ መንግሥት አሠሩ፤ በኢየሩሳሌምም የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን አስጀመሩ።

የተጠበቀው ዕድል በመጨረሻ የመጣው ከሱዳን በኩል ነው። መሐመድ አሕመድ የሚባለው ሰው መሐዲ ነኝ ብሎ በግብፅ መንግሥት ላይ ተነሣ፤ ተከታዮቹም፣ በአገራችን ድርቡሽ የተባሉት፣ በየስፍራው የነበሩትን የግብፅ ጭፍሮች ከበቡ። በዚያን ጊዜ ግብፅን ይዘው የነበሩት እንግሊዞች ለተከበቡት ጭፍሮች መውጫ መንገድ ፈለጉ፤ መንገዱም በኢትዮጵያ በኩል ነበር። አድሚራል ሂወት ወደ ዐድዋ መጥቶ በግንቦት 1876 ዓ.ም. ውል ተፈረመ። በውሉ መሠረት ቦጎስ ለኢትዮጵያ ይመለሳል፤ መሣሪያን ጨምሮ ማናቸውም ዕቃ በምጽዋ በኩል በነጻ ይገባል፤ ኢትዮጵያም በበኩሏ የተከበቡትን የግብፅ ጭፍሮች እንዲወጡ ትረዳለች። ዐፄ ዮሐንስ የገቡትን ቃል ጠበቁ። በገላባት የነበረው ጭፍራ በኢትዮጵያውያን ዕርዳታ ወጣ፤ በሌሎችም ስፍራዎች የነበሩት እንዲሁ ዳኑ።

ይህ ውል የዲፕሎማሲያቸው ታላቅ ስኬት ነበር፤ ትልቁንም ፈተና ያስከተለባቸው ይኸው ስኬት ነው። በጥር 1877 ዓ.ም. በአሥር ቀን ልዩነት ሁለት ነገሮች ሆኑ። መጀመሪያ ካርቱም በመሐዲስቶች እጅ ወደቀችና ጎርደን ተገደለ፤ ቀጥሎም የኢጣልያ ጦር፣ እንግሊዞች እያወቁ፣ ምጽዋን ያዘ። እንግዲህ በዕድሜ የደከመችው ግብፅ ከሁለቱም በሮች ላይ ተነሥታ፣ በምሥራቁ በር ቅኝ ግዛት የሚፈልግ የአውሮፓ መንግሥት፣ በምዕራቡ በር ደግሞ በአዲስ ሃይማኖታዊ ኃይል የተነሣሣ መንግሥት ቆሙ። ኢትዮጵያ የግብፅን ጭፍሮች ስለ አወጣች በመሐዲስቶች ዘንድ እንደ ጠላት ተቆጠረች። ውሉን ያዋዋሉት እንግሊዞች ግን ከሁለቱም ነገር ራሳቸውን አራቁ።

ከዚህ በኋላ ያሉት አራት ዓመታት አንድ መሪ በሁለት ጫፍ የሚነድ እሳት ለማጥፋት የሮጠባቸው ናቸው። በመስከረም 1878 ዓ.ም. ራስ አሉላ በኩፊት ላይ የዖስማን ዲግናን ጦር ድል አደረጉ፤ ድሉ ግን ብዙ የኢትዮጵያ ጀግኖችን ሕይወት አስከፈለ። በጥር 1879 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወደ ገላባት ወርደው ከተማዪቱን የያዘውን የመሐዲስት ጦር ደመሰሱ፤ አዛዡም ተገደለ። በዚያው ወር ራስ አሉላ በዶጋሊ ላይ አምስት መቶ የሚያኽል የኢጣልያ ጦር ከጥቂቶች በቀር ፈጁ። ሁለቱም ድሎች በየበኩላቸው ከፊተኛው የሚበልጥ ጦር ጠሩ። የካርቱሙ መሪ ኸሊፋ ዐብዱላሂ ከአዛዦቹ ሁሉ የታወቀውን ሐምዳን አቡ አንጃን ወደ ገላባት ላከ፤ ኢጣልያም ሃያ ሺሕ ያኽል ወታደር በባሕር አሳልፋ በሰሐጢ አሰፈረች።

በጥር 1880 ዓ.ም.፣ የጥምቀት በዓል በሚከበርበት ሰሞን፣ አቡ አንጃ በደምቢያ ገብቶ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር በሣር ውኃ ድል አደረገ፤ ጎንደርም ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ፤ ብዙ ሕዝብም ተማርኮ ሄደ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ጊዜ በሌላው ጫፍ ነበሩ። በመጋቢት ወር ሰማንያ ሺሕ የሚያኽል ሠራዊት ይዘው በሰሐጢ ፊት ሰፈሩ፤ ኢጣልያኖች ግን ከምሽጋቸው አልወጡም። ስንቅ አለቀ፤ በሽታ ገባ፤ ከኋላም የጎንደር ወሬ ደረሰ፤ ምኒልክና ተክለ ሃይማኖትም መክረውባቸዋል የሚል ነገር ተሰማ። ሳይዋጉ ተመለሱ። በዚያው ዓመት ወራሻቸው ይሆናሉ ያሏቸው ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ ሞቱ። በዚሁ ዘመን ከምጽዋ የተነሣው የከብት ዕልቂት አገሩን ማዳረስ ጀመረ፤ በሬ የሌለው ገበሬም ማረስ አቃተው፤ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብም ከዚህ ተነሣ።

ንጉሠ ነገሥቱ ዓባይን ተሻግረው፣ ከድተውኛል ያሏቸውን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ለመቅጣት በጎጃም ላይ ዘመቱ፤ አገሩም ክፉኛ ተጎዳ። የጎጃም ገበሬ በዚያ ዘመቻ የደረሰበትን መከራ የንጉሡ ሐዘንና ቍጣ ሊያስተባብለው አይችልም። ከዚያም ወደ ሸዋ ለመሻገር ታስቦ ነበር። በመጨረሻ ግን ከወንድም ጋር የሚደረገውን ጦርነት ትተው፣ ፊታቸውን ወደ መተማ መለሱ። ከዚያ በፊት ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ ሁለቱ አገሮች እርስ በርሳቸው ከሚተላለቁ ከአውሮፓ የሚመጣውን የጋራ ጠላት በአንድነት ቢመክቱ እንደሚሻል ያመለከቱበት ነው። ደብዳቤው በንቀት መልስ ተመለሰ። የዚያ ደብዳቤ አሳብ ምን ያኽል አርቆ ያየ እንደ ነበረ የታወቀው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የኸሊፋው መንግሥት በእንግሊዝ መትረየስ በወደቀ ጊዜ ነው።

አቡ አንጃ ከጦርነቱ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ በሕመም ሞተ፤ በስፍራው አል ዛኪ ታማል ተተካ። ከተማው ዙሪያውን በእሾኽ አጥር ታጥሮ ነበር። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር አጥሩን ጥሶ ገባ፤ ድሉም ወደ ኢትዮጵያውያን ያዘነበለ መሰለ። በዚህ ጊዜ ከፊት ሆነው ይዋጉ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት በጥይት ቆሰሉ። ወሬው በሠራዊቱ መካከል በተሰማ ጊዜ የተገኘው ድል ከእጅ ወጣ፤ ጦሩም ተመለሰ። ዐፄ ዮሐንስ ራስ መንገሻን ልጃቸውና ወራሻቸው መሆናቸውን ለመኳንንቱ አስታውቀው ሞቱ። አስከሬኑን ይዘው ይጓዙ የነበሩት መኳንንት በአትባራ ወንዝ አጠገብ ተደረሰባቸው፤ ሽማግሌው አጎታቸው ራስ አርአያ ሲከላከሉ በዚያው ወደቁ፤ የንጉሠ ነገሥቱም ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ።

ብዙ ተማሪዎች ይህን ታሪክ ከሰሙ በኋላ፣ ያ ሁሉ ድካም ምን ጠቀመ ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ መምህርም በችኮላ ሊያልፈው አይገባም። በአንድ በኩል ዐፄ ዮሐንስ ካሰቡት ብዙው አልተፈጸመም፤ ምጽዋ በእጃቸው አልገባችም፤ ዘውዱም ወደ ልጃቸው አልተላለፈም። በሌላው በኩል ግን ከጉንደትና ከጉራዕ የተማረከው መሣሪያ፣ በእነዚያ ዓመታት የሠለጠነው ወታደርና የተፈተነው የጦር አለቃ ከእሳቸው ጋር አልተቀበረም። ከሰባት ዓመት በኋላ በየካቲት 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከተሰለፉት መካከል ራስ አሉላ፣ ራስ መንገሻና ራስ ሚካኤል ነበሩ፤ ሦስቱም በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ያደጉ ናቸው። ያለ ንጉሥነት መከፋፈል በልቼ የተገኘው አንድነትም ዐፄ ምኒልክ የተረከቡት መሠረት ሆነ። አንድ ሰው የጀመረውን ሌላው ሲፈጽመው፣ የመጀመሪያው ድካም ከንቱ አይባልም። መምህር ከማንም ይልቅ ይህን ያውቀዋል፤ ያስተማረው ልጅ ፍሬ ሲያፈራ እሱ ብዙ ጊዜ በሌላ ትምህርት ቤት ወይም በጡረታ ላይ ነው።

ከወንዙ ማዶም ያለውን ማስታወስ ተገቢ ነው። ሱዳኖች ይህን ጦርነት የገላባት ጦርነት ይሉታል፤ በዚያም ወገን የወደቁት የሰው ልጆች ናቸው። ድል ያደረገውም ጦር ዕረፍት አላገኘም፤ ወዲያው ታላቅ ረኃብ በሱዳን ወደቀ። በዚያው በ1881 ዓ.ም. ክረምት በሰሜን ድንበር በቱሽኪ ከተሸነፈው የመሐዲስት ጦር መካከል ባቢክር በድሪ የሚባል ወጣት ተማርኮ ነበር። ይህ ሰው ኋላ መምህር ሆነ፤ ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ለመክፈት መንግሥትን ደጋግሞ ለምኖ፣ በ1907 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሩፋዓ ከተማ በገዛ ቤቱ የራሱንና የጎረቤቶቹን ሴቶች ልጆች ማስተማር ጀመረ። የሱዳን የሴቶች ትምህርት ታሪክ ከእሱ ስም ጋር የተያያዘ ነው። ለእሱም ፈቃዱን ማግኘት የሥራው ፍጻሜ አልነበረም፤ ከፈቃዱ በኋላ የወላጆችን ጥርጥር ማሸነፍ ገና ቀርቶት ነበር።

ከ1894 ዓ.ም. ጀምሮ በውል የተወሰነው ድንበር በዚያ ጥቁር አፈር መካከል ያልፋል። በመተማ በኩል ያለ ልጅና በባሱንዳ በኩል ያለ ልጅ ያንኑ አንድ ቀን በሁለት ስም ይማራሉ። ለሁለቱም የሚያስተምር ሰው የንጉሡን ጀግንነት ከስሕተቱ ጋር፣ የጠላትንም ጀግንነት ከሐዘኑ ጋር አስተካክሎ ቢያቀርብ፣ ተማሪው የማያልቅ ድካም ምን እንደ ሆነ በእውነት ይረዳል። ዐፄ ዮሐንስ በአሳም ድል ባደረጉ ጊዜ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነበሩ፤ በመተማ ሲወድቁ ሃምሳ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር። በእነዚህ ዐሥራ ስምንት በሚያኽሉ ዓመታት አንድም ድል ዕረፍት አልሰጣቸውም፤ አንድም ጊዜ ግን የቀረበላቸውን ሥራ የሌላ ሰው ነው ብለው አልተዉትም። እኛም በየትምህርት ቤታችን አንዱን ክፍል ፈጽመን ሌላው ሲጠብቀን፣ የምንደክመው ሥራው ስለ ከሸፈ ሳይሆን ስለ ሠመረ መሆኑን ብናስብ፣ የነገውን የደወል ድምፅ በበለጠ ብርታት እንሰማዋለን።